የቫሳንቲን መጨረሻ ልንገርሽ

ውዷ እህቴ ዘሀራ፣

ሰላም ባንቺ ላይ ይሁን። ከተለያየን ዛሬ ዘጠኝ ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነን። ሆን ብዬ ቆጥሬ አይደለም። ጠዋት ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ስጽፍ ልቤ ራሱ ይደምረዋል።

ቀብርሽ እዚህ ጎንደር ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ዓርብ ዓርብ መጥቼ ዱዓ አድርጌልሽ፣ የሰፈሩን ወሬ ነግሬሽ እመለስ ነበር። አንቺ ግን አዲስ አበባ፣ ማንም በማያውቅሽ መቃብር፣ ከማናውቃቸው ሰዎች መካከል ተኝተሻል። እዚያ የወሰድኩሽ ደግሞ እኔ ነኝ። መንገዱ እንደምታውቂው ዝግ ነው፣ ለአውሮፕላን ደግሞ አቅሜ አልፈቀደም፤ እስካሁን ተመልሼ ልመጣልሽ አልቻልኩም። እንግዲህ በወረቀት ይድረስሽ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። በዘንድሮው ክረምት በኛና በእትዬ ወርቄ ግቢ መካከል ያለው አጥር ዝናቡን አልቻለም፤ አንድ ቀን ከሰዓት ሳናስበው ድርምስ አለ። ባለቤታቸው መሪጌታ ድንጋዩን ወደ ዳር ሰበሰቡት እንጂ እስካሁን መልሰን አልሠራነውም። እትዬ ወርቄ አሁን በበር በኩል መምጣት ትተዋል። ፍርስራሹን ተሻግረው ወጥ ቤት ድረስ ይገባሉ፤ በልቼ እንደሆነ ድስቱን ከፍተው ያያሉ፤ ካልበላሁ ይቆጣሉ።

ፒያሳ ያለውን ሱቅ ለአጎታችን ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ጎበዝ ናት፣ ደንበኞችሽ አልራቁም። ግን ትልቅ መስታወት አስገጥማ፣ ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ መብራት ተክላበታለች። ባየሁት ቁጥር ድምፅሽ ይመጣብኛል፤ "ምነው ይኼ ሁሉ መብራት? ሠርግ አለ እንዴ?" ስትዪ። ልብሶችሽን ለሰደቃ ሰጥቻለሁ። መነጽርሽን ግን መስጠት አልቻልኩም፤ አሁንም ቴሌቪዥኑ ላይ ነው ያለው።

ቴሌቪዥኑን ለረጅም ጊዜ አልከፈትኩትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ከፈትኩት። የቫሳንቲ ድራማ አለቀ፣ ዘሀራዬ። መጨረሻውን ሳልነግርሽ መቆየት አልቻልኩም። ከዚያ በፊት ግን እንዴት እንደጀመርነው ላስታውስሽ። እኔም በቅደም ተከተል ካልነገርኩት የሚጠፋብኝ ይመስለኛል።

እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንቺ አሥራ ሰባት። አባባ ተከትሏት ሲሄድ ከአሥረኛ ክፍል ወጥተሽ የሱቁን ቁልፍ ያዝሽ። ከዚያ አገባሽ፤ እኔን ይዘሽ። ባልሽ በስምንተኛው ወር "ልጅቷ ወደ ዘመድ ትሂድ፤ ካልሆነ ምረጪ" አለሽ። አልጨቀጨቅሽውም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፍራሻችንን በጋሪ አስጭነሽ፣ እኔን በእጄ ይዘሽ አዲስ ዓለም ሰፈር ወደ አባባ ቤት ተመለስሽ። መንገድ ላይ "እትዬ፣ በኔ ምክንያት ነው?" ብዬ ስጠይቅሽ "አይ፣ ሰውየው ሲተኛ ያንኮራፋል" አልሽኝ። ብዙ ዓመት አምኜሽ ኖሬያለሁ።

አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር መጀመሪያ ያስገባሁልሽ ዕቃ ዲሽ ነበር። አንቺ ዜና ብቻ ነበር የምታዪው። ወደ አማርኛ የተተረጎሙት የውጭ ድራማዎች መምጣት ሲጀምሩ ግን ነገር ተበላሸ። ከሱቅ ስትመጪ ጫማሽን ሳታወልቂ "ጀመረ እንዴ?" ማለት ያዝሽ።

መጀመሪያ የጉልሱም መጣ። በሠርጓ ቀን የአሮጌው ጉድጓድ ጅን ሙሽራውን የወሰደባት ሴት። አገሩ ሁሉ "ሞቷል፣ ሐዘንሽን ተቀመጪ" ሲላት እሷ ገመድ አስራ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። በየጊዜው እየወረደች ከጅኖቹ ንግሥት ጋር ትደራደራለች። አንዴ ፀጉሯን ሰጠች፣ አንዴ ድምፅዋን ለዓመት፣ አንዴ ጥላዋን። አልለቅም አለች። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምናያት።

የሷ ሳያልቅ የቫሳንቲ ጀመረ። ቫሳንቲ ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ከቤታቸው አንወጣም ያሉ የሙታን ነፍሳት ይታዩዋታል። ሰዎች ይጠሯታል። ትሄድና ከሟቹ ጋር ቁጭ ብላ ታወራለች። አትጮኽም፣ አትለምንም። ሲበቃት ተነስታ በሩን ትከፍትና "በል ሂድ፤ ያንተ ጊዜ አልቋል" ትለዋለች። ይሄዳል። ግን የገዛ ባሏ በራሷ ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሰውን ሁሉ ትሸኛለች፣ እሱን አትሸኝም። አንድ ቀን በቆየ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ይረሳል። መንደሩን ረሳ፣ ወንድሞቹን ረሳ። በጣም ከቆየ ራሱንም ረስቶ ንፋስ ሆኖ ነው የሚቀረው።

አንቺ የቫሳንቲ ወገን ሆንሽ፣ እኔ የጉልሱም። ስንቱን ምሽት ተከራከርን!

"ቫሳንቲ ልብ የላትም" እልሽ ነበር። "ሰው እያለቀሰ በር ትከፍትለታለች። ጉልሱምን እያት፤ ሴት ማለት እንዲህ ናት። የወደደችውን ለማንም አትለቅም።"

"መያዝማ ማን ያቅተዋል?" አልሽኝ። "ሕፃንም የያዘውን አልሰጥም ብሎ ያለቅሳል። እስኪ ፈትተሽ ስደጂው፤ ያን ጊዜ ጉልበትሽን አየዋለሁ።"

ጉልሱም በመጨረሻ ባሏን ከጉድጓዱ ስታወጣው እኔ በደስታ ዘልዬ ተነሳሁ። አንቺ ግን የሰውየውን ፊት ነበር የምታዪው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ፀሐዩን መቋቋም አቅቶት ዓይኑን በእጁ ይከልላል። "አወጣችው" አልሽ። "ግን መውጣት ትፈልጋለህ ወይ ብላ ጠይቃዋለች?" አንቺ ነገር ማበላሸት ትወጃለሽ ብዬ ተቆጣሁሽ።

እትዬ ወርቄን ታስታውሻለሽ፣ መሪጌታ እንዳያውቁባቸው ወንፊት ልዋስ ብለው እየወጡ ከኛ ጋር ቁጭ ሲሉ? ጅኑ ብቅ ሲል እሳቸው "በስመ አብ" ብለው ያማትባሉ፣ አንቺ "አዑዙ ቢላህ" ትያለሽ፤ እኩል ነበር የምትሉት። ስማቸውን አይችሉትም። ጉልሱምን ጉልላት፣ ቫሳንቲን ባሳንቴ ነበር የሚሏቸው። አንድ ምሽት መሪጌታ ራሳቸው መጡ። "አንች ወርቄ! ወንፊት ነው ወይስ ወፍጮ ልትዋሽ የወጣሽው?" እያሉ በሩ ላይ ቆሙ። ቫሳንቲ አንድ ሽማግሌ ነፍስ እየሸኘች ነበር። መሪጌታ ጋቢያቸውን እንደያዙ ቆመው እስኪያልቅ አዩ። ከዚያ ምን አሉ? "ይች ሴትዮስ ፍትሐት ታውቃለች።" አንቺ ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ብቻሽን ስትስቂ ደንበኞች "ምን ሆነች?" ይሉ ነበር።

ያን ጊዜ ለካ ጡትሽ ላይ እብጠት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ደብቀሽኛል። እኔ በክረምት ትምህርት ዲግሪዬን ልጨርስ ስለነበር ነው፤ "ልጅቷ ትመረቅ" ብለሽ። በተመረቅሁ በሳምንቱ ፎቶዬን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ "ነይ እስኪ፣ አንድ ነገር ዳብሺልኝ" አልሽኝ። እጄ ላይ የተሰማኝ እስካሁን ከጣቴ አልወጣም።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር። መድኃኒቱን ከሞከረ በኋላ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን፤ ካንሰሩ ተሰራጭቷል። "አዲስ አበባ ሪፈር እጽፍላችኋለሁ" አለ። "ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እዚያም ሕመሙን ያስታግሱ ይሆናል እንጂ አያድኑትም።"

አንቺ "አልሄድም" አልሽ። እዚያው ሐኪሙ ፊት። ቤት ስንደርስ ደግሞ "ሙናዬ፣ አትከራከሪኝ። እዚሁ ቤቴ ነው የምሆነው። እናቴ ጎን ቦታ አለ፤ አባባ ያኔ አሳይቶኛል። እዚያ ነው መተኛት የምፈልገው" አልሽኝ።

"ገና በቁምሽ ስለ መቀበር ታወሪያለሽ!" ብዬ ጮህኩብሽ። ስትፈሪ አየሁሽ ብዬ ሁሉ ተናግሬሻለሁ። ያሳደገችኝ ሴት ሕይወቷን እንዲህ በቀላሉ እጇን አጣጥፋ የምትሰጥ መሆኗን ማመን አቃተኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩሽ። ምግብ አቀርብልሻለሁ፣ አላናግርሽም። ዘሀራዬ፣ ከቀሩን ጥቂት ቀኖች ላይ ሁለቱን እንዲህ ጣልኳቸው። ዛሬ ያን ሁለት ቀን የሚመልስልኝ ቢኖር ምን እሰጠው ነበር!

በዚያ ሰሞን ጣቢያው የቫሳንቲን ድራማ መሃል ላይ አቋረጠው። በቅርቡ ይመለሳል እያለ ያስታውቃል እንጂ አይመለስም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር፣ ፀሐዩ እግርሽ ላይ አርፎ፣ ተኝተሽ ነበር።

"ሙና" አልሽኝ። "ባገራቸው ቋንቋ ድራማው ድሮ አልቋል አሉ። መጨረሻውን ስልክሽ ላይ ፈልጊልኝ። ባሏን ትሸኘዋለች ወይስ አትሸኘውም? እኔ እስኪመለስ አልደርስም።"

ይህን ስትዪ ድምፅሽ "ሽንኩርት አልቋል" እንደምትዪው ነበር። ወጥቼ ጓሮ አለቀስኩ።

ኢንተርኔት በከተማው አልነበረም፤ ታስታውሻለሽ። ምንም አላገኘሁም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁና አጠገብሽ ቁጭ ብዬ "አገኘሁት" አልኩሽ። "ኢንተርኔት ካለበት ቦታ የመጣ መምህር አሳየኝ።"

ዋሸሁሽ። ቫሳንቲ ባሏን አልሸኘችውም አልኩሽ። በሩን ዘግታ፣ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ጥላ፣ "የሙታንን ሕግ አላውቅም፣ አልለቀውም" አለች አልኩሽ። የረሳውን ሁሉ አንድ በአንድ እየነገረች አስታወሰችው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት እጁን ስትይዘው እጁ ሞቀ፣ መተንፈስ ጀመረ አልኩሽ። ስናገር እኔ ራሴ አምኜው ነበር። እንድትሰሚው የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው፤ ገብቶሻል። ያልለቀቀ ያሸንፋል ማለቴ ነበር። ሪፈሯን እንያዝና እንሂድ ማለቴ ነበር።

ዓይን ዓይኔን አየሽኝ።

"እጁ ሞቀ?" አልሽ።

"አዎ፣ ሞቀ።"

"ሸጋ ነው" አልሽና ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ።

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል ተነስተሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። "ሙናዬ፣ ያችን የሪፈር ወረቀት አውጫት። እንሂድ" አልሽኝ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ልጆቹን ሳስቃቸው ዋልኩ። ውሸቴ መድኃኒት የሆነ መሰለኝ።

በመኪና መሄድ ስለማይቻል አዘዞ አየር ማረፊያ ሄደን በአውሮፕላን ተሳፈርን። ተሳፍረሽ አታውቂም ነበር። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩሽ። ሲነሳ ግንባርሽን መስታወቱ ላይ አስደግፈሽ ወደ ታች አየሽ። "ግንቡ ያችን ታክላለች?" አልሽ። ከዚያ አዲስ ዓለም የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቅሽኝ፤ አሳየሁሽ። ደመናው ከተማውን እስኪሸፍነው ግንባርሽን አላነሳሽም። ከሸፈነውም በኋላ አላነሳሽም። በረራው ደስ ያለሽ ነበር የመሰለኝ።

አዲስ አበባ ያሳለፍነውን አልጽፍልሽም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። የተከራየናት ክፍል ደረጃው ብዙ ነበር። መርፌው ደም ሥርሽን አጥቶ እጅሽ አበጠ። የምግብ ሽታ አልቻልሽም። አንድም ቀን "ምነው ባላመጣሽኝ" አላልሽኝም። ሐኪሞቹ ማምጣቴ ስህተት እንደሆነ በቃል ሳይሆን በአያያዛቸው ነገሩኝ። እኔ ግን አልሰማም አልኩ። አልጋሽ ጎን ተቀምጬ እጅሽን ጥብቅ አድርጌ ይዤ "እትዬ ጠንክሪ፣ ጠንክሪልኝ" እያልኩ እደግመው ነበር፤ ሌላ ቃል የጠፋኝ ይመስል።

ሐሙስ ቀትር ላይ ዓይንሽን ገለጥሽ። "ሙናዬ" አልሽኝ፣ "እጄን ልቀቂው። ያመኛል።"

ደነገጥኩ። ያበጠውን እጅሽን ነበር ለካ ጨምቄ የያዝኩት። ለቀቅኩሽ። ጣቶችሽን ቀስ ብለሽ አፍታታሽ። ከዚያ አመልካች ጣትሽን ብቻ ቀና አድርገሽ ሸሃዳሽን አልሽ። ቃሉ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ጣትሽ ሲወርድ አየሁት።

አስከሬንሽን ወደ ጎንደር ለማምጣት ለመንኩ፣ ዞርኩ፣ አልሆነም። ቀብሩም አይዘገይም። የሰፈሩ ሴቶች፣ ስምሽን እንኳ የማያውቁ፣ መጥተው ከኔ ጋር አጠቡሽ። ወገብሽ ላይ ያለችውን ጠባሳ አንዷ ጠየቀችኝ። ሕፃን ሆኜ ከምድጃ ስታወጪኝ የተቃጠልሽው ነው ብዬ መለስኩላት። በከፈን ጠቀለልንሽ። የማላውቃቸው ወንዶች ተሸክመው ወሰዱሽ፤ መስጊድ የመጡ መንገደኞች ሁሉ ሰገዱብሽ። አላህ ይስጣቸው። እናታችን ጎን ያለው ቦታ ግን ባዶ ቀረ።

ብቻዬን ተመልሼ ስመጣ መስኮቱ ጋ አልተቀመጥኩም።

ከዚያ ወዲህ ያለኝ ኑሮ ይኸው ነው፤ አስተምራለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰው ሁሉ "እስከ መጨረሻው ታግለሽላታል" እያለ ያጽናናኛል። እያንዳንዱ ቃል እንደ ጥፊ ነበር። ጠልፌ ወሰድኳት፣ ዋሽቼ ወሰድኳት፣ ከእናቷ ለየኋት እያልኩ ለራሴ ስነግረው ነው የከረምኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ወርቄ በፍርስራሹ ተሻግረው መጡ። "ልጄ፣ ዛሬ የባሳንቴ መጨረሻ ነው አሉ" አሉኝ። ድራማው ለካ ተመልሷል። አላይም አልኩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ቴሌቪዥኑን የሸፈንኩበትን ሻሽ አነሱት። መሪጌታም ተከትለው መጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ሚስታቸውን ሊፈልጉ አልነበረም። ሦስት ሆነን ተቀመጥን።

አዳምጪኝ እንግዲህ። ሸኘችው፣ ዘሀራዬ።

ባሏ በወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ቫሳንቲ ገብታ አጠገቡ ስትቆም ቀና ብሎ "ማነሽ?" አላት። ረስቷታል። ብዙ አቆይታው ነበርና ረሳት። ስሟን ነገረችው። ሚስትህ ነኝ አላለችም፤ ስሟን ብቻ። ከዚያ ሄዳ በሩን ከፈተች። ያን የለመደችውን ቃል ልትል አፏን ከፈተች፣ አልወጣም። ሁለተኛ ሞከረች። በሦስተኛው "ሂድ" ብቻ አለች። አመስግኗት ወጣ፤ ቤት እንዳሳየው ሰው። በሩን ዘጋችና እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጣ ጮኻ አለቀሰች። ዘፈን የለም፣ ምንም የለም። ማልቀሷን ሳታቆም ድራማው አለቀ።

"እኔ እንዲህ አልነበረም የነገርኳት" አልኩ ጮክ ብዬ። እትዬ ወርቄ ዞር ብለው አዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ውሸቱ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ሞቀው እጅ። ውሸቴን አምና ነው ቤቷን ትታ የወጣችው፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኳት አልኳቸው።

እትዬ ወርቄ ሰሙኝና አንገታቸው ላይ ያለውን መስቀል ያዙ። "በዚህ አስምላኝ ነበር" አሉ። "እንግዲህ መሐላዬን ላፍርሰው፤ የንስሐ አባቴ ያውቁልኛል። ልጄ፣ እህትሽ አላመነችሽም።"

"እንሂድ" ባልሽኝ ዕለት ጠዋት፣ እኔ ትምህርት ቤት እንደሄድኩ፣ ግድግዳ እየያዝሽ እሳቸው ዘንድ ሄደሽ ነበር ለካ። ያልሽውን እንዳለ ነገሩኝ፤ በድምፅሽ ማለት ይቻላል። "እትዬ ወርቄ፣ ሙና ዋሸችኝ። ድራማው እንዴት እንዳለቀ አታውቅም። ዓይኗን ቢያዩት፣ ያኔ እናቴ የሞተች ጊዜ የነበረው ዓይን ነው። እዚህ ከሞትኩ ዕድሜዋን ሙሉ 'ወስጃት ቢሆን ኖሮ' እያለች ነው የምትኖረው። እሄድላታለሁ። ሁሉን እንዳደረገች ትወቀው።"

"ከዚያ አለቀሰች" አሉኝ እትዬ ወርቄ። "አንች ስታለቅስ አይተሻት አታውቂም ይሆናል። እኔ ጭን ላይ ተደፍታ፣ እንደዚያች እንደ ባሳንቴ ጮኻ አለቀሰች። 'እናቴ ጎን ሳልተኛ ልቀር ነው' እያለች። ስትጨርስ ፊቷን ታጠበች። ሻንጣ ያውሱኝ አለችኝ።"

መሪጌታ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ተናደድኩብሽ ዘሀራ። እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደድኩብሽ። ማን ጠየቀሽ? "ውሸታም፣ አልሄድም" ብትዪኝ ምን ነበረበት? አልቅሼ፣ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። አንቺም እዚህ፣ በእግሬ ደርሼ የምመለስበት ቦታ ትሆኚ ነበር። ሁለት ቀን ተናድጄ ቆየሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቁጣው አለቀብኝና እንባ ብቻ ቀረ።

ያን ሁሉ ጊዜ ስንከራከር ማናችን ትክክል እንደነበርን አሁን ይገባኛል አልልሽም። ጉልሱም ለወደደችው ፀጉሯን ሰጠች፣ ድምፅዋን ሰጠች፣ ጥላዋን ሰጠች። አንቺ ለኔ የሰጠሽው ከእናታችን ጎን ያለውን ቦታ ነው። ጉልሱም የሰጠችው በስተመጨረሻ ተመልሶላታል፤ ያንቺ አይመለስም። ቫሳንቲ ደግሞ የምትወደውን በሩን ከፍታ ሸኘች። አንቺ ራስሽን ነው የሸኘሽው፤ እኔ እንዳልጎዳ ብለሽ፣ እኔ ያሸነፍኩ እየመሰለኝ። እንዲህ ያለች ሴት በየትኛውም ድራማ አላየሁም። ባያትም አላምናትም ነበር፤ "ይኼስ ተጋነነ" እል ነበር።

ሕመሙ አልተሻለኝም። እውነቱን ስሰማ ይቀለኛል ብለው ነበር እትዬ ወርቄ የነገሩኝ። አልቀለለኝም። ድሮ አሳሳትኳት ብዬ ነበር የማለቅሰው፤ አሁን እያወቀች ብዬ አለቅሳለሁ። እያወቅሽ በአውሮፕላን መስኮት ከተማሽን ተሰናበትሽ፤ እኔ ደግሞ አጠገብሽ ተቀምጬ ብስኩት እየበላሁ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ፤ ኢንሻአላህ። ቦታሽን ማንም ሳያሳየኝ አገኘዋለሁ፤ ከመቃብሩ አጥር ጥግ አራተኛው ነው። እስከዚያው ድረስ ሰዎች ስላንቺ ሲያወሩ እሰማለሁ። "ዘሀራ ብርቱ ነበረች" ይላሉ፣ "እንባ የማታውቅ ሴት።" ከእንግዲህ ዝም ብዬ አልሰማቸውም። ታለቅስ ነበር እላቸዋለሁ። ትፈራም ነበር፤ እናቷን ትናፍቅ ነበር እላቸዋለሁ። ፈርታ፣ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ሻንጣ የተዋሰች ሴት ናት። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ የማስታውስሽ እንደዚያ ነው።

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ።

ታናሽሽ፣
ሙና